የልጄን ቼሎ ስላሞቁልኝ

ለተከበሩ የባህል አዳራሹ ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ክረምቱ ከበድ ብሏልና ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ነገርን ሁሉ ለማሞቅ የማይሰንፉትን እጆችዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኛ የቡሬዎቹ ደህና ነን። 

እኔ የሠርክአዲስ አባት ነኝ። ልጄ አዲስ አበባ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረችው፣ ያን ትልቅ ባለደጋን መሣሪያ በጉልበቶቿ መካከል አቁማ የምትጫወተው ናት። በሐምሌ፣ ለአንድ ኦርኬስትራ ተጫዋች በሚመርጡ መምህራን ፊት ለመቅረብ ሳምንት ሲቀራት፣ በአዳራሽዎ ለአገሯ ሰው እንድታሰማ ጋበዟት። ምስጋናዬ እንዳይንዛዛ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መሣሪያው ከዋዜማው ጀምሮ በአዳራሹ እንዲያድር ማዘዝዎ ታላቅ አሳቢነት ነበር። ልጄ አብሬው ልደር ብትል፣ ዕቃ ሞግዚት አያሻውም ብለው በሳቅ መለሷት። እርሷም ሳቀች። ደጋኑን ብቻ ይዛ ወደ ማደሪያችን መጣች።

፪. እርስዎ ራስዎ እንደነገሩን፣ ማለዳ ገብተው አንዱን ክር በጣትዎ ቢነኩት ድምፁ ወፈረብዎ። የቼሎ ድምፅ ወፍራም ነው። እርስዎ ግን በልጅነትዎ ማሲንቆ የመቱ ሰው ነዎትና፣ በክረምት ቆዳው ሲላላ ከእሳት አጠገብ እንደሚሞቅ ያውቃሉ፤ ይህን የማያውቅ ጎጃሜም የለም። ስለዚህ ከሰል አስነደዱ። የልጄን ቼሎ ከፍሙ ዳር አስደግፈው፣ ብርድ እንደመታው ሕፃን ፊቱንም ጀርባውንም እያገላበጡ አሞቁት። ቼሎ ቆዳ የለውም። እንጨት ነው፤ እንጨቱን የያዘውም ሙጫ ነው።

ስንደርስ ፊቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ጎኑ አፉን ከፍቶ ነበር። እርስዎ ከአጠገቡ ተቀምጠዋል። እጅዎ ላይ ጥላሸት ነበር። ያን ጥላሸት አሁንም አስበዋለሁ፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ በቀለለኝ።

፫. እንግዶች ሲሰበሰቡ መድረክ ላይ ወጥተው፣ የፈረንጅ ዕቃ የአገራችንን ብርድ አይችልም ብለው አዳራሹን አሳቁ። ሐዘናችንን በቀልድ ስላቀለሉልን እናመሰግናለን። እህቴ ቻይነሽ ብቻ ከኋላ ሆና፣ ከብርዱስ ተርፎ ነበር፣ ያልቻለው እሳቱን ነው ስትል ተሰማች። ይቅርታ ያድርጉላት።

፬. መሣሪያው የትምህርት ቤቱ ውሰት ነበር። ኃላፊዎቹ ደውለው ሲጠይቁዎ፣ በመንገድ ሳይሰበር አይቀርም ብለው መለሱላቸው። በዚህም ልጄ የዕቃ አያያዝ የማታውቅ ተብላ ሌላ ቼሎ ተከለከለች፤ የመምረጫው ቀንም ያለ እርሷ አለፈ።

መንገዱን ካነሱ እኔም ስለ መንገዱ ልናገር። ከአዲስ አበባ ስናመጣው በጥቁር ሣጥኑ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነበርና፣ ጅጋ ስንደርስ ገበያተኛው ሬሳ መስሎት ሸክሙን እያወረደ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ቀርበው ማን እንደሞተ ጠየቁን። ሠርክአዲስ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ፣ ማንም አልሞተም አባባ፣ ዘፋኝ ነው አለቻቸው። ተሰንጥቆ ለትምህርት ቤቱ ስንመልሰውም ጅጋ ላይ ሰዉ ተነሣ። በዚህኛው ጊዜ ማንም ማንንም አላረመም። እኔም ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

አሁን ልጄ ቡሬ፣ ከአክስቷ ሱቅ ትውላለች። ስለ ቼሎ አታነሣም። ደንበኛ ሲጠፋ ግን የግራ እጇ ጣቶች በቀኝ ክንዷ ላይ ይራመዳሉ። ምን እንደምትጫወት አልጠይቃትም፤ እፈራለሁ። ጣቶቿ አንድ ቀን ያቆሙ እንደሆነ ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ።

ስለሆነም ከክቡርነትዎ የምለምነው ካሳ አይደለም። ለትምህርት ቤቱ ይደውሉና፣ ያሞቅሁት እኔ ነኝ ይበሉ። ይህች ቃል ከሰል አትፈጅም።

ጥላሸት የነካቸውን እጆችዎን በአክብሮት እየሳምሁ፣ እስኪደውሉ ድረስ በሐሳብ ከስልክዎ አጠገብ የምቀመጥ፣

እጅጉ ያረጋል
ከቡሬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሞኑን በዚያ ሳልፍ፣ ሠርክአዲስን ከነቼሎዋ የሚያሳየው የግብዣው ሸራ ዛሬም ከአዳራሽዎ በር በላይ ተሰቅሎ፣ ዝናቡ አላልቶት አየሁ። እርሱን ቢያሞቁት ግድ የለንም፤ ሙጫ የለበትም።