ላቡ ከየት መጣ?

ልጄ ሐምራዊት፣ የአሜሪካዋ ኮሎምበስ ብርድ አይድፈርሽ፤ በምትሄጂበት ሁሉ እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። የጓሮው ጎመን ዝናብ አግኝቶ ፋፍቷል፤ ለአባትሽም የወገቡ ሕመም ቀለል ብሎለታል።

በስልክ ያወራሽኝ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ውስጥ ፊዚካል ሳይንስ ስትማሪ፣ መምህራችን «ሸክሙ ከቦታው ካልተነቃነቀ ሥራ ተሠራ አይባልም» አሉን ብለሽኝ ነበር። እሑድ ዕለት ለቅሶ ቤት ነፋስ የእድሩን ድንኳን ሊወስደው ሲል፣ ጎረቤታችን ጋሽ ጀማነህ ምሰሶውን አቅፈው ቆሙ። ነፋሱ እስኪያልፍ እሳቸውም ምሰሶውም ንቅንቅ አላሉም። የኔ አፍ አያርፍም አይደል፣ «ልጄ እንደተማረችው ከሆነ እኮ ጋሼ፣ ምንም ሥራ አልሠሩም» አልኳቸው።

ተቆጡ! ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ታዲያ ይሄ ላብ ከየት መጣ?» አሉኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ሐዘኑን ረስቶ ሲከራከር ዋለ። እባክሽ መምህርሽን ጠይቂልን።

አንቺም ፖላሪስ ሰፈር ካለው ሥራሽ ወጥተሽ ሞርስ ሮድ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቂ፣ ያንን የመጽሐፍ ቦርሳ ከትከሻሽ አውርጂው። ሥራ ካልተባለልሽ ምን ያደክምሻል?

ዕውቀቱን ይግለጥልሽ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። እኔ እዚሁ ደጃፌ ላይ ቆሜ እየጠበቅሁሽ ነው። ከቦታዬ ስላልተነቃነቅሁ መምህርሽ ሥራ ነው አይሉት ይሆናል። ግን ያደክማል ልጄ፤ ስሙን ጠይቀሽ ንገሪኝ።

እናትሽ መብራት