ሉሉ ትረፍ ወይስ ትሥራ

ኅዳር 8

ከምኖርበት ከዶራ በመጀመሪያው ቫን ወጣሁ። ባዕብዳ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ። አራቱን የፈረስ ጋጣ ጠረግሁ፣ ድርቆሽ ሰጠሁ፣ ውሃ ቀየርኩ። ሉሉ እጅጌዬን በጥርሷ እየጎተተች አላሠራ አለችኝ። ሦስት ዓመቷን ገና መያዟ ነው... ልጅ ናት።

ስቦርሻት የፊት ግራ እግሯ ሞቀኝ። ቅልጥሟ ላይ። ጫን ሳደርገው ነጠቀችኝ። ትናንት አብዝተው አስሩጠዋት ይሆን?

ኅዳር 11

ዛሬም ይሞቃል። አባቴ ወረኢሉ ፈረስ ሲያሳድግ እንዲህ ያለ እግር ካየ ኮርቻ አያስነካም ነበር። ሁለት ሦስት ወር ሜዳ ላይ መልቀቅ ነው፤ ኸላስ፣ በቃ።

ኅዳር 14

ማዳም ግላዲስ መጣች። ሉሉን የገዛቻት ለልጇ ነው፤ ልጅቷ ፈረንሳይ ትማራለች። ከአሰልጣኙ ከከሊል ጋር ሲከራከሩ ሰማሁ። ማዳም፣ ብርዱ እስኪያልፍ ሉሉ ጓደኛዬ እርሻ ሄዳ ትረፍ ትላለች። እሱ ደግሞ፣ አሁን ካልሠራች ልጅሽ ስትመጣ በምን ትወዳደራለች?

ማዳም ስትሄድ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"ሲቲና፣ ሉሉ ከሄደች ለቀሩት ሦስቱ እኔ እበቃለሁ። ያኒ... አንቺን ምን ላድርግሽ?"

በክፋት አይደለም። እውነቱን ነው።

ኅዳር 15

ከአገሬ ካስመጣችኝ ከመጀመሪያዋ ማዳሜ ቤት ከወጣሁ ወዲህ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ይህን ሥራ እስካገኝ ስምንት ወር ያበላችኝ አብራኝ የምትኖረው እሙሽ ናት። ደግሜ ላስቸግራት?

ኅዳር 18

ማዳም ብቻዋን መጣች። በቀጥታ ወደ እኔ።

"በየቀኑ የምትነኪያት አንቺ ነሽ። ከከሊል ይልቅ አንቺን አምናለሁ። እግሯ ደህና ነው?"

ከሊል በሩ ላይ ቆሞ ልጓም ይወለውላል። ቀና አላለም።

"ማፊ ሺ ማዳም። ምንም የለባትም።"

"እንግዲያው ትሥራ። መርሲ ሲቲና።"

አመሰገነችኝ...

ታኅሣሥ 6

ዝናብ። ሜዳው ጭቃ ስለሆነ ከሊል አስፋልት ላይ በሶምሶማ ያስሮጣታል። ከሊል ዞር ሲል እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ አቀዘቅዝላታለሁ፣ በጨርቅ አስርላታለሁ። ምን እያደረግሁ ነው? ላድናት ነው ወይስ ውሸቴን ልደብቅ?

ታኅሣሥ 19

እሁድ። ለእሙሽ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።

"ለፈረስ ነው እንዲህ የምትሆኚው? እኛን ማን አሳረፈን?"

እኔን ማንም ስላላሳረፈኝ ግን ሉሉ ለምን...

ነገ ለማዳም እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 20

አልነገርኳትም።

ጥር 2

አነከሰች። ከሊል መርፌ ወጋት፤ ሕመም የሚያጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሳታነክስ ወጣች። "አየሽ?" አለኝ። ስልኬን አውጥቼ የማዳም ስም ላይ ደረስኩ። ኪሴ ውስጥ መለስኩት።

ጥር 9

ሉሉ ተሰበረች።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሊል አስፋልቱ ላይ ሲጋልባት። የስብራቱን ድምፅ ጋጣ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሮጬ ስወጣ በሦስት እግሯ ቆማለች። ከሊል መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል።

የእንስሳት ሐኪሙ መጣ፤ ማዳምም። ቅልጥሟ ነው፣ አይጠገንም አለ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ "ይሄ የአንድ ቀን አይደለም። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሞቀው?"

ሁሉም ከሊልን አዩ።

"ከኅዳር" አልኩ እኔ።

ማዳም ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ጠይቄሽ ነበር እኮ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ሐኪሙ የመጨረሻውን መርፌ ሲያዘጋጅ ራሷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲይዛት እሺ አላለችም። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነበር... ከዚያ አልነበረም።

ጥር 10

ከሊል ደወለ። "ማዳም እንዳትመጪ ብላለች። እኔንም አባርራኛለች።" ስልኩን እሱ ቀድሞ ዘጋው።

የካቲት 3

ባዳሮ ሰፈር የሕንፃ ደረጃ አጥባለሁ። ያገኘችልኝ እሙሽ ናት። ሥራው አንድ ቀን ካለ ሦስት ቀን የለም። ሰባት ፎቅ፣ ከላይ ወደ ታች። ሰዎች "ቦንጁር" ብለው እርጥቡን ረግጠው ያልፋሉ፤ እንደገና አብሳለሁ።

ዛሬ የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ በሯን ከፍታ፣ በፊት ምን ትሠሪ ነበር አለችኝ። ቤት ውስጥ፣ አልኳት። ፈረስ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።

እዚህ ማንም ምን ይመስልሻል ብሎ አይጠይቀኝም። እንዲያ ይሻላል።