ሀምዳ የምትቀበላቸው ወረቀቶች

ሰመራ፣ ጥር 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጨጓራዎስ ተሻለዎት? ያሉበት የአፋምቦ ውሃ ከባድ ነው ሲሉ ስለሰማሁ ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። ወባም አለ ይላሉ፤ አጎበር እንደማያጡ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን መንፈቅ ልጨርስ ነው። አባቴም ደህና ነው። ባቡሩ አንድ ቀን ይመለሳል እያለ አሁንም ከአዋሽ ንቅንቅ አይልም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ከድሩ የሚባል ከሰመራ አሳይታ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። ከአሳይታ ወዲያ በአደራ እልካለሁ ብሎኛል። ፖስታው በፕላስተር ዙሪያውን የታሸገው ከፍቶ ያነበዋል ብዬ ስለጠረጠርኩት ነው። ሰውየው ምንም ያደረገኝ ነገር የለም። እንዲያው ጠባዬ ነው። የምጽፍልዎም ስለዚሁ ጠባዬ ነው።

አዋሽ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ክፍላችን ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር እርስዎ ጠመኔውን እንደያዙ ዝም ይላሉ፤ ጩኸቱ ሲርቅ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያስተምረን የፕላዝማው ቴሌቪዥን ነበር። ሰውየው በእንግሊዝኛ ይጣደፋል፣ ጥያቄ ያወጣል፣ ሁለት ደቂቃ አላችሁ ይላል፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ነግሮን ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭብ ነበር። እርስዎ ግን በሒሳብ ሰዓት ፕላዝማውን አጥፍተው ሰሌዳው ላይ ያስተምሩናል። መልሱን ብቻ ለጻፈ ግማሽ ማርክ ነው የሚሰጡት። «የሄዳችሁበትን መንገድ አሳዩኝ» ይሉን ነበር። እኔ ሁልጊዜ አሳይ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃዬ አንደኛ ነው። ባቡሩ ቆሞ ሥራ ከፈታ ወዲህ አባቴ ለጎረቤት አውጥቶ የሚያሳየው ነገር ቢኖረው የኔ ሰርተፍኬት ብቻ ነበር።

ሀምዳ ከአዳይቱ መጥታ አጎቷ ቤት ሆና ነበር የምትማረው። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ሰሌዳውን ዓይኗን ጨፈን፣ አፍንጫዋን ሰብሰብ አድርጋ ነው የምታየው፤ እኔ ንቀት ይመስለኝ ነበር። ግቢ ውስጥ ከሩቅ እጄን አንሥቼ ሰላም ስላት ዝም ብላኝ ታልፋለች። ኩራተኛ ናት ብዬ ደመደምኩ። በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ከመቶ ሠላሳ አራት አገኘች። በሁለተኛው ሰማንያ አንድ። በመንፈቁ ማጠቃለያ እሷ ሰማንያ ስምንት፣ እኔ ሰማንያ ስድስት። ወረቀቴን ሲሰጡኝ ጥሩ ነው አሉኝ። ለእሷ ግን ሲሰጡ ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ አላስተኛኝም።

ከሠላሳ አራት ወደ ሰማንያ ስምንት የተሄደበት መንገድ የታለ? ባስተማሩኝ ጥያቄ እርስዎኑ ልጠይቅበት ተነሣሁ።

በዚያ ሰሞን ባዮሎጂ ላይ ተማሪ የሚያየውን ብቻ መጻፍ አለበት፣ የሚያስበውን አይቀላቅል ተብለን ነበር። ለአርባ ሁለት ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረን። ተራዬ ደርሶ ሳይ የሽንኩርቱን ሕዋስ በጥቁር መስመሮች ተከቦ አየሁት፤ በጥንቃቄ ሣልኩት። የባዮሎጂ መምህሩ ሥዕሉን አይተው ሣቁ። መስመሮቹ የራሴ ሽፋሽፍት ጥላ ነበሩ። ክፍሉ ሲሥቅ አብሬ ሣቅኩ። ግን አልተማርኩበትም።

ከደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ መምህሩ ለሀምዳ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት፣ ቅጠሉ ሁለት። ሐሙስ፣ ላቦራቶሪ ክፍል፣ ሁለቱ ብቻ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ዓርብ፣ ወረቀት፤ ስታየኝ ከመጽሐፏ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ፈተና ነው፤ እሑድ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሌላ ወረቀት። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የታሪክ መምህራችን ጋሽ ይገዙ አንድ ጽሑፍ ሲቀርብላችሁ ማን ጻፈው፣ ምን ሊጠቀም ፈልጎ ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ ይሉን ነበር። ያንን ምዕራፍ በቃሌ አውቀዋለሁ። ደብተሬን ስጽፍ ግን ማን ጻፈው ብዬ አልጠየቅኩም።

በመምህርት ንጋትወርቅ የአማርኛ ክፍለ ጊዜም ማመልከቻ አጻጻፍ የተማርነው በዚያው ሳምንት ነበር። ቀኑ ከላይ በስተቀኝ፣ ለማን እንደሚጻፍ፣ ጉዳዩ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ ፍሬ ነገሩ በአጭሩ። ሐሙስ ጠዋት በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ሥር የተገኘው ማመልከቻ በቅርጹ አንድም ስህተት አልነበረበትም ይላሉ። የጎደለው ስምና ፊርማ ብቻ ነው። መምህሩ ፈተና አስቀድሞ ለአንዲት ተማሪ እንደሚሰጥ፣ ከእሷም ጋር በዝግ በር ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሚውል ይናገራል። ደብተር ላይ «ገርበብ» የተባለው በር ማመልከቻው ላይ «ዝግ» ሆኖ ተገኘ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲሰበሰብ የክፍሉ አለቃ ስለነበርኩ ተጠርቼ ከግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ያስታውሱታል። ወረቀት ትሰጣታለህ ወይ አሉዎት። እሰጣታለሁ አሉ። ምን ወረቀት ነው ሲሉ የትምህርት ነው አሉ። አሳየን ሲሉዎት ግን «ተማሪዋን ሳላስፈቅድ አላሳይም» አሉ። ሀምዳ ያን ሳምንት ለለቅሶ አዳይቱ ሄዳ ነበር። ከወረዳ የመጡት ሰዎች ተያዩና ጻፉ። እኔም በልቤ ይኸው አልኩ። ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?

ከዚያ ማመልከቻውን ሰጡዎትና ጽሕፈቱን ታውቀዋለህ ወይ ብለው ጠየቁዎት። ወረቀቱን ይዘው ብዙ ቆዩ። አንብበው ከጨረሱ በኋላም ዓይንዎን ከወረቀቱ አላነሡም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የቤት ሥራዬን በቀይ እስክሪብቶ ያረሙት እርስዎ ነዎት። ቀና ሲሉ ወደ ኮሚቴው አላዩም። ወደኔም አላዩም። በመስኮቱ ወደ መንገዱ እያዩ «አላውቀውም» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት አፋምቦ ተመደቡ። የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይነሣ ተብሎ ነገሩ በዚያው ታፈነ፤ ለተማሪው ዝውውር ጠይቀው ነው ተባለ። ሀምዳ ከለቅሶ ስትመለስ የሰማችው ይህንኑ ነው። ሌላ ነገር የነገራት ሰው የለም። በነጋታው ወደኔ ዴስክ መጥታ የሒሳብ ደብተርሽን ልገልብጥ አውሺኝ አለችኝ። አልጨረስኩም ብዬ ከለከልኳት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሦስቴ ጠየቀችኝ፤ ሦስቴም አልጨረስኩም አልኳት። ውጤቷ ወረደ። እሱን ሳይ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር ብዬ እፎይ አልኩ። መምህሩ ሲሄድ ማርኩም አብሮ ሄደ አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰን ሰመራ ሆነ። ዶርሚተሪ ስገባ ከፊት ለፊቴ ያለው አልጋ ላይ ሀምዳ ተቀምጣለች፤ ወፍራም መነጽር አድርጋለች። ተነሥታ አቀፈችኝ። ድምፄን ሰምታ ነው ያወቀችኝ። «ወላሂ፣ መልክሽን ገና ዛሬ አየሁት» አለች። እኔ አሽሙር መሰለኝ። ነገሩን ሰምታለች፣ ልትበቀለኝ ነው አጠገቤ የሆነችው አልኩ። ከቤት የተላከላትን ቴምር ስታካፍለኝ አስቀድማ እስክትበላ እጠብቅ ነበር። ስታመም ውሃ ስታቀርብልኝ ለምን እላለሁ። ለፈተና ስታስጠናኝ ምን ልታወጣጣኝ ነው እላለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ወጥመዱን ስጠብቅ ኖርኩ፤ ምንም አልመጣም።

ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ሻንጣዋን አራግፋ ልብስ ስትለይ ከሥሩ በክር የታሰሩ ወረቀቶች ወጡ። አተጣጠፋቸውን ሳይ አወቅኳቸው። ምንድን ናቸው አልኳት። ዓይኗን እንኳ ሳታነሣ እንኪ ብላ ሰጠችኝ።

ፊደሎቹ የአውራ ጣት ያህላሉ። በያንዳንዱ ቅጠል ላይ ቀን አለ። በዚያ ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፉልን ነው፤ ምሳሌው፣ ሥዕሉ፣ ከሥር የተሰመረበት ቀመር ሳይቀር። የእሑዱንም ፈልጌ አገኘሁት። ፈተና አልነበረም። ዓርብ ዕለት ለሁላችንም ያደረጉልን ክለሳ ነበር። ያው እኔ ደብተር ውስጥ ያለው ነው፤ ልዩነቱ ሀምዳ እንድታየው ተደርጎ መጻፉ ብቻ ነው።

ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም፤ ራሷ ነገረችኝ። የሩቅ አይታያትም ነበር፤ ከፊት ተቀምጣም ሰሌዳው ነጭ ጭስ ነበር የሚመስላት። እናቷ ዓይኗ ጠፍቶ ነው የሞተችው። አጎቷ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ንባብ ዓይኗን ይጨርሰዋል ብሎ ስለሚፈራ ቢሰማ በማግስቱ ከትምህርት ያስወጣታል። እርስዎን ለምናዎት ለማንም እንደማይናገሩ ቃል ገቡላት። ወንድሟ አዳማ ወስዶ መነጽር ያሠራላት አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አልከፋትም። የከፋት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሳይሰናበተኝ ሄደ» አለችኝ። «ለእኔ መጻፍ ሰልችቶት ዝውውር ጠየቀ ብዬ ሁለት ዓመት አሰብኩ።»

ወረቀቶቹን እንደነበሩ አጥፌ መለስኩላት። በረንዳ ላይ ወጥቼ ንፋሱ ውስጥ ቆምኩ። ማልቀስ ፈልጌ አልመጣልኝም።

በዚህ ሳምንት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ሁለት ገጽ። በሩ ገርበብ ያለ እንደነበረ፣ ወረቀቶቹ ምን እንደነበሩ፣ ማን ምን እንደጻፈና ለምን እንደጻፈ አለበት። ከታች ሙሉ ስሜ፣ የመታወቂያ ቁጥሬና ፊርማዬ አሉ። ሰኞ ጠዋት ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ያስወጡኝ ይሆናል፤ አባቴም ይሰማ ይሆናል። ለእርስዎ የሚመልስልዎት ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ምናልባት አፋምቦን ወደውት ተይው ይሉኝ ይሆናል። እሱንም ከርስዎ ሳልሰማ ነው የማደርገው፤ ይህንንም ይታገሡኝ።

ነገር ግን የሀምዳ ዓይን ነገር ማመልከቻው ውስጥ አለ። እርስዎ ሳያስፈቅዷት አላሳይም ያሉትን እኔ ሳላስፈቅዳት ለቢሮ ማቅረብ አልቻልኩም። ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በኋላ ሰጠኋት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ አንብቢው ብቻ አልኳት።

አሁን ፊት ለፊቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እያነበበች ነው። መነጽር አድርጋም ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ ነው የምታነበው፤ ስለዚህ ፊቷ አይታየኝም። የመጀመሪያውን ገጽ ስትጨርስ ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ይህን የምጽፍልዎ እሷን ላለማየት ነው። ሁለተኛውን ገጽ ገልጣለች። ጣቷ ከታች ስሜ ጋ ደርሶ ቆሟል።

ጨረሰች። አንድ ጣቷን ከስሜ ሥር ሳታነሣ፣ እስክሪብቶውን ስጪኝ ብላ ሌላ እጇን ዘርግታለች፤ ያለኝ ይኸው አንድ ስለሆነ እዚህ ላይ ማቆሜ ነው።

ጤናውን አብዝቶ ይስጥዎ። የሚያስተምሯቸው ልጆች ይባረኩልዎ፤ የለፉባቸውም ያክብሩዎት።

ከዘጠነኛ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማሯት፣
ተማሪዎ