ከጎሊና ድልድይ የተወረወረው አቂቅ

ሰኞ፣ ጥር 8። ከጧቱ 2፡30

ዶቃ መልቀም። ከትናንት የተረፈ ግማሽ ቆርቆሮ። ብርጭቆው ወደ ግራ፣ ድንጋዩ ወደ ቀኝ፣ የማላውቀው መሐል። የመሐሉ ክምር ይበልጣል።

ጋሽ ይማም (ሙሉውን መጻፍ እጄን ሰልችቶታል፣ ጋ.ይ. እላቸዋለሁ) በጣታቸው ዳብሰው ይለያሉ። አርባ ዓመት በአንጥረኛነት የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው፤ ለዚህ ነው እኔን የቀጠሩኝ። ማትሪክ የወደቀች፣ ከአቂቅና ከጠርሙስ የቱ የቱ እንደሆነ የማታውቅ ልጅ። ደህና ዓይን ብቻ ያላት። አምስተኛ ሳምንቴ ነው።

የዛሬ ትምህርት አቂቅ፣ ያ ቀዩ የቀለበት ድንጋይ። ከንፈር ሲያስነኩት ቅዝቃዜው ይቆያል፤ ብርጭቆ ቶሎ ይሞቃል። ብርጭቆ በማጉያ ሲታይ ውስጡ የአየር ነጠብጣብ አይጠፋውም። ሞረድ ብርጭቆን ይፍቀዋል፣ አቂቅ ላይ ያዳልጣል። ሦስቱንም ሳታዪ አፍሽን እንዳትከፍቺ አሉኝ። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ጥር 12። ማታ 12 ሰ.

ጋ.ይ. ለዓይናቸው ደሴ ሄዱ። ለይለፍ ወረቀቱ ሦስት ቀን ቀበሌ ተመላለስን። ሱቁ በእኔ እጅ ነው። እፈራለሁ። ደስም ይለኛል።

8 ሰ. ላይ ከጎብዬ አንዲት ሴት መጡ፣ ወ/ሮ ሐዋ። ባላቸው ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ነው። የቀለበታቸው ድንጋይ ወልቆ እንድመልስላቸው። ባላቸው አሰብ ወደብ ሲሠሩ ያመጡላቸው ነው። ማጉያውን አነሳሁ። አለች! ክብ ጥቁር ነጥብ፣ የአየር ነጠብጣብ። ያለ ማንም እርዳታ ያገኘኋት የመጀመሪያዋ። ከንፈር አላስነካሁም፣ ሞረድም አላነሳሁም። ምን ያደርግልኛል?

“እትዬ ሐዋ፣ ይሄ ጠርሙስ ነው” አልኳቸው።

“ጠርሙስ?”

“ጠርሙስ።”

ድንጋዩንም ቀለበቱንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። የቆየ ምሳዬን በላሁ። ጣፈጠኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 17። 4 ሰ.

ደብተሬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ጋ.ይ. መማሪያ ብለው የተዉልኝ አቂቅ አለ። ከአባታቸው የወረሱት፣ የማያጠራጥር። ለልምምድ አየሁት። ያችው ነጥብ! በዚያው ቦታ! ድንጋዩን አዞርኩ፣ ነጥቧ አልዞረችም። ማጉያውን አዞርኩ፣ አብራ ዞረች። ከብየዳ የተፈናጠረች ጠብታ መስታወቱ ላይ ደርቃ ኖሯል። በጥፍሬ ፍቄ ጣልኳት።

ስለዚህ የወ/ሮ ሐዋን ድንጋይ አላየሁም። ያየሁት ቆሻሻ ነው። አቂቅ ይሁን ጠርሙስ አላውቅም። ነገ ጎብዬ።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ሄድኩ። ምነው በቀረሁ።

ነገሩ ከድንጋይ በላይ ነው። የባላቸው ወንድም እንድሪስ ዓመቱን ሙሉ ሲነግራቸው ኖሯል፦ ሟቹ አሰብ ሌላ ሚስት ነበረችው፣ ጥሩ ጥሩው የሄደው ወደዚያ ነው። ወ/ሮ ሐዋ አላምንም ብለው ቆዩ። ከዚያ እኔ ጠርሙስ አልኳቸው። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ከጎሊና ወንዝ ድልድይ ላይ ድንጋዩን ወረወሩት። የዓመቱንም ሰደቃ አልደግስም አሉ። ለዋሸኝ ሰው ዱዓ አላስደርግም አሉ።

ስህተቴን ነገርኳቸው። የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። አልጮሁም። እጃቸውን ገልብጠው ባዶ ጣታቸውን አዩ።

“እጄ ያውቀው ነበር። አንቺን አመንኩ።”

ዓርብ፣ ጥር 19

ጎሊና። ውኃ የለም፣ አሸዋና ጠጠር ብቻ። ከጧት ጀምሬ ድልድዩ ሥር ተንበርክኬ ቀይ ቀዩን ለቀምኩ። ድልድይ ጠባቂው ሚሊሻ ጠመንጃውን አቀባብሎ አስነሳኝ። ምን ልትቀብሪ ነው? ማነው የላከሽ?

“ድንጋይ ጠፍቶብኝ ነው።”

“ድንጋይ? ጎሊና ላይ?” ጓደኛውን ጠራው። “ና ስማ፣ ድንጋይ ጠፍቶባታል!”

መታወቂያዬን ወስደው እስከ 9 ሰ. ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ። የሱቁን ሥራ ደግሜ ደጋግሜ አስረዳሁ። በመጨረሻ ለቀቁኝ፤ ድልድዩ አጠገብ ዳግም እንዳልታይ ተብያለሁ። የለቀምኩትን ቤት ገብቼ አየሁ። ሁሉም ተራ ጠጠር። አቂቁ አልተገኘም፣ አይገኝምም።

ማክሰኞ፣ ጥር 23

ጋ.ይ. ተመለሱ። ሐኪሞቹ ሞራው ገና አልበሰለም ብለዋቸዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር።

ከሶላት መልስ ጠየቁኝ። ማጉያውን ተዪው፣ በባዶ ዓይንሽ የድንጋዩ ፊት ምን ይመስል ነበር? አሰብኩ። ለስላሳ። የሚያበራ። ጭረት? አላየሁም። ስንት ዓመት አድርጋዋለች? እሱን አልጠየቅኩም።

“ድንጋዩ ከሌለ ቀለበቱን ያጠለቀችው ሰው አለች” አሉ። “ሂጂና ጠይቂያት።”

ሐሙስ፣ ጥር 25

ጎብዬ ደግሞ። ምን መስማት እንደምፈልግ ሳልናገር ጠየቅኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጣታቸው አልወጣም። ሲፈጩም? ሲፈጩም። ከወፍጮው ጋር ሲፋተግ የቀለበቱ ብር አለቀ እንጂ ድንጋዩ አንድ ቀን አልተጫረም አሉ። በሐሩር ራሳቸውን ሲያማቸው ግንባራቸው ላይ ያደርጉታል፤ ሳይሞቅ ይቆያል። እኔ ያልሠራሁትን ፈተና እሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተውታል!

አቂቅ ነበር። ምክንያቱን አስረዳኋቸው። ከዚያ እንባቸው መጣ፣ በመዳፋቸው ጠረጉት።

“ሰደቃው ቅዳሜ ነው። እንድሪስም ይመጣል። በሰው ፊት ትናገሪያለሽ።”

ቅዳሜ፣ ጥር 27። ማታ

ተናገርኩ። ዱዓው እንዳለቀ፣ ሰዉ ሳይነሳ። ድምፄ ቀጭን ነበር። ተሳሳትኩ፣ በእኔ ስህተት ሟቹ ተሰደቡ፣ ድንጋዩም ጠፋ አልኩ። እንድሪስ ሳቀ።

“ያን ጊዜ ጠርሙስ፣ ዛሬ አቂቅ። ለሚቀጥለው ሳምንት ምን አሰብሽ?”

እኔን አይመኑኝ፣ ወፍጮ የምታውቅ ሴት ትጠየቅ አልኩ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት የብርጭቆ ዶቃቸውን ከአንገታቸው አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት። ደብዝዞ ዓይነ ስውር ሆኗል። “ይሄ ወፍጮ ነክቶት አያውቅም፣ ካንገቴ ላይ ነው እንዲህ የሆነው። የሐዋን ቀለበት ሁላችንም አይተናል፤ እስከ መጨረሻው እንደ ፍም ነበር” አሉ። ሌሎቹም እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ። እንድሪስ ተነስቶ ወጣ። አሰብ አለች ስለተባለችው ሚስት ድንጋዩ የሚመሰክረው ነገር የለም፤ ወ/ሮ ሐዋም አልጠየቁኝ። ሲሸኙኝ ባዶውን ቀለበት ጣታቸው ላይ አየሁት። ሌላ ድንጋይ ላግባበት አልኩ። አይሆንም አሉ።

ሰኞ፣ ጥር 29። 3 ሰ.

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እኛ ከተማ ቆቦ ገብቷል። ከጧት ጀምሮ አንድ ደንበኛ የለም። ጋ.ይ. ዶቃ ይዳብሳሉ።

ትናንት የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠርቶኝ ነበር። ጸሐፊ ይፈልጋል፣ በወር ደሞዝ። ማኅተም መምታት ከድንጋይ ይሻልሻል፣ ማኅተም አይሳሳትም አለኝ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትለምነኝ አደረች። መልሱን ዛሬ 5 ሰ. ላይ ይጠብቃል።

አልፈልግም ልለው ነው። ለምን ካለኝ ምን እንደምለው ገና አላውቅም። ድንጋይ መለየት የቻልኩ ስለመሰለኝ አይደለም። የመሐሉን ክምር ሳልጨርስ መሄድ አልፈልግም። እንዲህ እለዋ…

በሩ ላይ ሰው ቆሟል። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዟል። ጋ.ይ. ጠሩኝ። ማጉያውን ላጽዳ፣ ሞረዱስ የት…