ከግድግዳው የወጣው ኮንጎ ጫማ

ሐምሌ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ቤቴን በገዛ እጄ ስሠራ፣ የቀራንዮ ብርድ እንዳይገባ ብዬ በጭቃውና በጣውላው መካከል ጎረቤት የጣለውንና የሰጠኝን ላስቲክና ኮንጎ ጫማ ጠቅጥቄበት ነበር። ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ መጡ። የዘማች ልጃቸውን ኮንጎ ለካ እህቱ ሳትነግራቸው ሰጥታኝ ኖሯል።

«ጫማው የተደፈነበት ሰው በምን ይመለሳል? አውጪልኝ!»

«በዚህ ክረምት ግድግዳ ላፍርስ፣ እትዬ?»

«ለመጽሔትሽ ወሬ ስትለቅሚ የስንቱን ቤት አፍርሰሻል! የራስሽ ሲሆን ሳሳሽ?»

እየሳቅኩ ጣውላውን ነቀልኩት። ላስቲኩ ሁሉ ደረቅ ነው። የልጁ ኮንጎ ብቻ ርሷል፤ በኛ ሰፈር የሌለ ቀይ አሸዋ ተለጥፎበታል።

«መንገድ ጀምሯል!» ብለው የተገኘውን የቀኙን ጫማ አቅፈው እልል እያሉ ሄዱ።

የግራውን ግን ግድግዳውን እስከ መሠረቱ ፈትሼ አጣሁት። ሁለቱንም በእጄ ነው የከተትኳቸው። ነገ ለግራው ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ?