«እማ» የሚለው ስሜ

መርሳ፣ ሐሙስ ጥቅምት 14

ጥፋተኛዋ ሰብለ ናት፤ ከስደት የተመለሱ እናቶችን ስለ ልጅ አያያዝ የምታሠለጥነው። ልጄ ዘሪቱ ዓረብ አገር ስትሄድ ልጇ መክሊት ጡት እንኳ አልተወችም ነበር። እኔን «እማ»፣ እናቷን «ዘሪቱ» እያለች እጄ ላይ አደገች። ዛሬ ሰብለ ቤታችን መጥታ፣

«እማማ፣ አይክፋዎ፤ እማ መባል ያለባት እናቷ ናት። አንቱን አያቴ ትበልዎ» አለችኝ።

ራሷ መች ወለደችና! ዘሪቱም «እውነቷን እኮ ነው» ብላ አገዘቻት።

ሰብለ ከሄደች በኋላ መክሊት ከጓሮ «እማ!» ብላ ተጣራች። «ወዬ» ብዬ ብድግ ስል፣

«አንቺን አይደለም» አለችኝ።

ዘሪቱ እየሮጠች አለፈችኝ። ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። በገዛ ልጄ ቀናሁ። በስተርጅና የተማርኩት ፊደል ለሰው የማልናገረውን ለመጻፍ ሆነ።

ከእንግዲህ «እማ» ሲባል ወዬ አልልም።