ቡሬን ስናልፍ

…ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ የጤና ጣቢያችሁን አጥር ግን አየሁት። ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አርፎበት ነበር። ባጃጁ አለፈው።

ሰላምታውን ዘለልኩት፣ እታለም። እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ተረኝነቱ ቀለል አለልሽ? እኛ ደኅና ነን። በቆሎው ገብቷል። ልጄ ይታገሱም ደኅና ነው፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት አንገቱን እንደ ጨቅላ በእጄ እደግፈዋለሁ እንጂ፣ ደኅና ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ ስለምዋሽ ነው።

ባለፈው መጥተሽ ጭኑን ስታሺው ሳቀልሽ። ለእኔ ስቆልኝ አያውቅም። ጎረቤታችን ሀብትነሽ፣ ምላሷን ታውቂያለሽ፣ "ልጁስ እናቱን መረጠ" ብላ ቀለደች። ዳኘውም አብሯት ሳቀ። ያን ቀን እጅሽን ጠላሁት።

ዳኘው መጀመሪያ ሽማግሌ የላከው ለአንቺ ነበር። አንቺ ትምህርቴን አልሽ፤ አባባም "ታናሺቱ አለችላችሁ" አሉ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። ምናልባት እሱም። እኔ ግን "እህትሽ እኮ እንዲህ ትላለች" ባለ ቁጥር አንድ ነገር ከውስጤ ይነሣል።

ምጡ የጀመረኝ ማክሰኞ ነው። ጠዋት የፈሰሰው የሽርት ውኃ አረንጓዴ ነበር። አይቼዋለሁ። ለክትትል ስመጣ አንቺው ነሽ "እንዲህ ያለ ካየሽ አንድ ሰዓት አትቀመጪ፤ ነይልኝ" ያልሽኝ። ነይልኝ። እንዴት ብዬ? አንቺ በነጭ ልብስሽ፣ እኔ እየጮኽኩ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ዓይን ዓይንሽን እያየ።

ቡሬ መግቢያ ላይ ዳኘው ባለባጃጁን "ወደ ጤና ጣቢያው እጠፍ" አለው። እኔ "እህቴ ዛሬ የለችም፤ ለሥልጠና መራዊ ሄዳለች። ፍኖተ ሰላም ውሰዱኝ" አልኩ። አመነኝ። መንገዱ ሩቅ አይደለም ትያለሽ። በምጥ ሲሄዱት አያልቅም።

ሲወለድ አላለቀሰም። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሐኪሙ ቆይቶ አስረዳን፤ የመጀመሪያ ምጥ ነው፣ ረዝሟል፣ ውኃው ቆሽሿል፣ እትብቱም አለ፤ አንዱ ብቻውን ላይሆን ይችላል፣ ሲደራረቡ ግን አየር አጥሮት አንጎሉ ተጎድቷል አለ። ደግሞ ለምን ዘገያችሁ ብሎ ጠየቀ። ዳኘው "አዋላጇ እህቷ አልነበረችም" ብሎ መለሰለት። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አሁን "ነፍሰ ጡሮችን ስለዚህ ነገር ላስተምር ነው፣ የዚያን ቀን ሰዓቱን ዳኘውን ልጠይቀው" ብለሽ ልከሽብኛል። አትጠይቂው፣ እታለም። ያን ማክሰኞ ተረኛ እንደነበርሽ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እኔም አውቅ ነበር። እሱ ብቻ ነው የማያውቀው። ካወቀ እዚህ ቤት የሚያኖረኝ የለም። ይቅር በይኝ እንዳልልሽ ደግሞ ይቅር ትይኛለሽ፤ እሱንም አልችለውም።

በእጅሽ የሚወለደውን ሁሉ ማርያም ታስለቅስልሽ። ወገብሽን ትጠብቅልሽ።

ታናሽሽ

ዳኘው ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ልጁን ከአልጋው አንሥቶ ወጣ። በሩ ተዘጋ።